የገንዳው አዲስ እጀታ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ከአባቷ በወረሰችው አሮጌ ቤት ውስጥ በፍርሃት የምትኖር።

ጋሽ ሽብሩ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለው የድንጋይ መቀመጫ የማይጠፉ ሽማግሌ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ጎልማሳ ሴት አጠገባቸው ተቀመጠችና ጠየቀቻቸው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አንድ በደል አለብኝ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ፣ የተሰጠኝን ጾምና ስግደት ጨርሻለሁ። የበደልኩት ሰው ግን አያውቅም። እግዚአብሔር ካወቀው ለሰው መንገር ግድ ነው? ግድ ካልሆነስ ፍርሃቱ ለምን አልለቀቀኝም?»

ምን እንደበደለች አልጠየቋትም። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ይህን ነገሯት።

የሴትየዋ ቤት ምድር ቤቱ የድንጋይ ግንብ ነው፤ የላይኛው ወለሉ ግን ጣውላ ነው። ዛሬ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ የለም። አባቷ በደህናው ዘመን ከላይ ባለው ባኞ ቤት አንድ የብረት ገንዳ አስገብተው ነበር። ገንዳው አራት እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር እንደ አንበሳ መዳፍ ጥፍሩን አውጥቶ ጣውላውን ረግጧል። ባዶውን ሳለ እንኳ አራት ሸክም የለመዱ ወንዶች ሦስት ጊዜ አርፈው ነው ደረጃውን ያወጡት ይባላል።

በዚያ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲደላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሲከፋ አንድ ቀን። ስለዚህ በገንዳው ገላ መታጠብ ከቀረ ቆይቷል፤ ሴትየዋ ውኃ ታጠራቅምበታለች። ከገንዳው አፍ ዝቅ ብላ የትርፍ ውኃ መውጫ ቀዳዳ አለች፤ እሷንም ሁለት ባልዲ ትርፍ ለማግኘት ብላ በአሮጌ ሻሽ ጠቅጥቃ ደፍናታለች። በፈረቃ የሚኖር ሰው በዚህ አይፈርድባትም፤ ሁላችንም አድርገነዋል።

ቧንቧው ሁለት እጀታ ነበረው። የሙቁ ውኃ መስመር ድሮ ሞቷል። የቀዝቃዛው ግን በየሳምንቱ ሲከፈትና ሲዘጋ እጀታው ውስጡ ተፍቆ አለቀ። ስታዞረው አንዳንድ ቀን ይይዛል፣ አንዳንድ ቀን በባዶው ይዞራል። በባዶ የሚዞር እጀታ ደግሞ ለእጅ ደስ ይላል፤ ይለሰልሳል፣ አያስቸግርም። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ምድር ቤቱን ለአንድ ሹፌርና ለሚስቱ አከራይታለች። ባልየው በጭነት መኪና ጠረፍ ደርሶ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ሚስቱ ሳቂታ ልጅ ናት፤ ባለቤቲቱን «እትዬ» እያለች፣ ጎመን ስትገዛ የእሷንም ጨምራ እያመጣች ታገለግላታለች። አንድ ቀን ወደ ቤቷ ጠርታ ኮርኒሱን አሳየቻት። ሰፌድ የሚያህል ቡናማ እድፍ ነበር።

«ይሄውልዎ እትዬ፤ እኔ የፀነስኩ ሰሞን ነው የጀመረው። አብረን እየገፋን ነው!» ብላ ሳቀች።

ሴትየዋ አልሳቀችም። በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራች።

ሠራተኛው እጀታውን በካቻቢቴ ፈትቶ አወጣና ውስጡ ያለውን ዘንግ አየ። ጥርሱ ተበልቶ እንደ ሽማግሌ ድድ ልሙጥ ሆኗል።

«እመቤቴ፣ ያለቀው እጀታው ብቻ አይደለም። ዘንጉም አብሮ አልቋል። እሱ የሚወጣው ደግሞ ግድግዳው ሲፈነቀል ነው።»

ይህን ብሎ ገንዳው አጠገብ ያለውን ጣውላ በተረከዙ ነካ ነካ አደረገው። ጣውላው እንደ እንጨት አልጮኸም፤ እንደ ራሰ ዳቦ ዝም ብሎ ዝቅ አለ። ሠራተኛው እግሩን መለስ አደረገ።

«ከታች ሰው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይከፈት። ግድግዳውም ወለሉም።»

«አይከፈትም» አለች ሴትየዋ። «እጀታውን ብቻ ቀይርልኝ።»

ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። የበሰበሰውን እንጨት ጠልታ ሳይሆን የበሰበሰውን ማየት ፈርታ ነው። ካልተከፈተ «ምናልባት ደህና ይሆናል» ማለት ይቻላል። ከተከፈተ ግን አይቻልም። ቤቱ ከእንግዲህ አይኖርበትም ቢሏትስ? አባቷ የሞቱበት ክፍል፣ እሷ የተወለደችበት ክፍል ይፍረስ ቢሏትስ? ይህን ሁሉ እያሰበች ከአፏ የወጣው «እጀታውን ብቻ» የሚለው ሆነ።

ሠራተኛው በተበላው ዘንግ ላይ ክር ጠመጠመ። አዲሱን የሚያብረቀርቅ እጀታ በላዩ ጠቀጠቀና ብሎኑን አጠበቀ። ሲያዞሩት ያዘ።

«ለጊዜው ነው» አላት። «ክሩ የላላ ቀን እንደ ድሮው በባዶው ይዞራል። ያን ጊዜ ደግሞ አዲስ ስለሆነ አይጠረጥሩትም።»

ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። በምድር ቤቱ በር ሲያልፍ ልጅቱ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕረፍት ሰጡን» አለችው። ጎንበስ ብሎ አለፈ። ምንም አልነገራትም።

ሴትየዋም ወርዳ «አስቀይሬዋለሁ ልጄ፤ ከእንግዲህ ስጋት የለም» አለቻት።

ከዚያች ቃል በኋላ ሴትየዋ የራሷን ቤት መፍራት ጀመረች።  ገንዳው ሲሞላ ጣውላው አንዴ ይንቋቋል፤ እሷ ትንፋሿን ይዛ ሁለተኛውን ትጠብቃለች። ባኞ ቤት ስትገባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ በጣቷ ጫፍ ትራመዳለች። ቆይታም ቧንቧውን ለመክፈትና ለመዝጋት ካልሆነ ከገንዳው አጠገብ መቆም ተወች፤ ከበሩ ላይ ሆና ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ትቀዳለች። ራሷን ከዚያ ወለል አርቃለች እንግዲህ። ከወለሉ ሥር ያለችውን ግን አላራቀችም።

ልጅቱ ሴት ልጅ ወለደች። ሴትየዋ ገንፎ ይዛ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትል ወረደች፤ በሩን አልፋ ቀና ስትል እርምጃዋን ገታች። አልጋው ቦታውን ለውጧል። ከበሩ ንፋስ ይራቅ ብለው ከጥግ ጥግ አስጠግተውታል። ትራሱ ያለው ልክ ከእድፉ ሥር ነው። በደንቡ መሠረት ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ከትራሷ ሥር ቢላ አድርገውላታል፤ የቢላው እጀታ ብቅ ብሎ ይታያል።

«ቦታው አይሻልም እትዬ?» አለቻት አራሷ።

ሴትየዋ ኮርኒሱን አየች፤ ሕፃኗን አየች። አሁን እነግራታለሁ አለች በልቧ። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደግ ቦታ ነው። ብርድ የለውም።»

ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለንስሐ አባቷ «በቤቴ ያልጠገንኩት ነገር አለ፤ ልቤ ይፈራል» አለች። እሳቸውም «ጠግኚዋ ልጄ፤ እስከዚያው ስገጂ» አሏት። ሰገደች። ግንባሯ መሬት ሲነካ ቀለል ይላታል፤ ቤቷ ገብታ ደረጃውን ስትወጣ ይመለስባታል።

አራሷ ሃያ ቀን በሞላት ዕለት ነው ነገሩ የሆነው።

የውኃ ተራ ቀን ነበር። ሴትየዋ እንደ ልማዷ በማለዳ ተነሥታ፣ ውኃው ሲመጣ እንዳያመልጣት ደረቁን ቧንቧ ከፍታ ትጠብቅ ጀመር። በዚህ መሐል የአጎቷ ልጅ ማረፉ ተነገራት፤ ቀብሩ ከከተማው ዳር ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ልትወጣ ስትል ቧንቧው ትዝ አላት። ተመልሳ አዲሱን እጀታ ወደ መዝጊያው አዞረችው። ዞረ። ውኃ ስላልነበረ የሚቆም ውኃ የለም፤ ይዘጋ አይዘጋ በምን ታውቃለች? ብቻ እጇ ላይ ለሰለሰባት። ቅባት የነካ ያህል ለሰለሰባት።

«ተዘግቷል» አለች ለራሷ። ባኞ ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለ አንዲት ዘመዷ ጠጋ ብላ አንሾካሾከችላት።

«የእናንተ ሰፈር ውኃ ዛሬ አይደል? ከጠዋት ጀምሮ ተለቆላችኋል ሲሉ ሰማሁ። በዚያ ላይ ጉልበቱ! ታድላችሁ።»

ሴትየዋ እጇን አየችው። ያ ልስላሴ እስከ አሁን መዳፏ ላይ ነበር። ስልኳን አወጣችና በነጠላዋ ተሸፍና ደወለች።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? ውኃ መጣ እንዴ?»

«መጣ እኮ እትዬ! ላይ ቤት ሲንዠቀዠቅ ይሰማኛል። እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚሞሉት?»

 «አይደለሁም» ማለት ነበረባት። ካለች ግን «ታዲያ ማን ነው?» ይመጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ «እጀታው ተቀይሯል አላሉኝም?» ይመጣል፤ ከእሱም ቀጥሎ እንጨቱ አለ።

«እ… አዎ። እኔ ነኝ» አለች።

«ይቀንሱት እንጂ፣ ትንሽ መንጠባጠብ ጀምሯል። ሳህን ደቅኜለታለሁ። ልጄን ደግሞ እንዳይነካት ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጌያታለሁ፤ እኛ ደህና ነን።»

ስልኩ ተዘጋ። ሴትየዋ ተነሣች፤ መልሳ ተቀመጠች። ገንዳው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞላል፤ ውኃው ከተለቀቀ አራት ሰዓት አልፎታል። ትርፉ እንዳይወጣ ቀዳዳዋን በገዛ እጇ ደፍናለች። እንግዲህ የተረፈው ሁሉ እየፈሰሰ ያለው ጣውላው ላይ ነው። አራት የብረት መዳፎች ራሰ ዳቦ ላይ እንደቆሙ ታዩዋት።

ከሰው መሐል ሳትወጣ እንደገና ደወለች።

«ልጄ፣ ሕፃኗን ታቅፈሽ ውጪ።»

«ወዴት?»

«ደጅ። ግቢው ውስጥ።»

«ኧረ እትዬ! በሃያ ቀኔ? በዚህ ቀትር? ምች ሊመታኝ? እናቴ ከገበያ ስትመለስ ደጅ ካገኘችኝ በሕይወት አትተወኝም!» ሳቀች።

«ውጪ ስልሽ ውጪ!»

«ምን ሆነው ነው? ካስቸኮለዎት ከላይ ወረድ ይበሉና ይንገሩኛ።»

እነሆ፣ ቅድም ያዳነቻት ውሸት አሁን በሩን ዘጋባት። አራስ በባዶ ቃል ከአልጋዋ አትነሣም። ከእውነቱ ግማሹ አይበቃትም። ሴትየዋ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወርዶ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማት ጮኸች።

«ላይ አይደለሁም! ለቅሶ ቤት ነኝ። ላይ ማንም የለም፤ ቧንቧው ክፍቱን ነው። ዋሽቼሻለሁ ልጄ። እጀታውን እንጂ ሌላውን አላስቀየርኩም። ከገንዳው ሥር ያለው እንጨት በስብሷል፤ ሳትወልጂ ጀምሮ አውቃለሁ። አልጋሽ ከሥሩ ነው። እያወቅሁ ነው ደግ ቦታ ነው ያልኩሽ። በማርያም ይዤሻለሁ፣ ውጪ!»

 በስልኩ ውስጥ ለአፍታ የተሰማው ሳህኑ ላይ የሚወርደው ጠብታ ብቻ ነበር፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ የአልጋ ሲጢጥታ፣ ከዚያ የሕፃን ለቅሶ፣ ከዚያ የበር መከፈት።

ሴትየዋ ታክሲ ይዛ በመንገዷ ላይ ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራችው። ሲደርሱ አራሷ ከግቢው ጥግ ተገልብጦ በተቀመጠ ጀሪካን ላይ፣ ሕፃኗን በጋቢ ሸፍና ተቀምጣለች። እናቷ ከነዘንቢሏ ቆማ «በፀሐይ! በፀሐይ!» እያለች ጥላ ትይዝላታለች። ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ወዳለው ዋና የውኃ መዝጊያ ሮጠ። እጁ መዝጊያውን ሳይነካ ቤቱ አንድ ድምፅ አሰማ፤ አንድ ትልቅ በሬ ሲወድቅ የሚያወጣው ዓይነት። የምድር ቤቱ መስኮት ረገፈ።

ውኃው ተዘግቶ ሲገቡ ኮርኒሱ ተቀድዷል። ተሸካሚው እንጨት ለሁለት ተሰብሮ አንደኛው ጉማጅ ትራሱ ላይ ወድቋል። በቀዳዳው አንድ የብረት እግር ጥፍሩን እንዳወጣ ወርዶ ከአልጋው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ቢላው ከትራሱ ሥር እንዳለ ነው።

ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። ስትዞር አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም።

«እትዬ» አለች፤ «ያን ዕለት ገንፎውን በልቼ "እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት" ብዬ ለባሌ ነግሬው ነበር።»

ከዚያ በኋላ አላናገረቻትም። በዚያው ቀን እናቷ ቤት ሄደች፤ አልተመለሰችም።

ግድግዳው ተፈነቀለ፣ ወለሉ ተነሣ፣ የበሰበሰው ሁሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተቆለለ። መንገደኛ ሁሉ በበሩ እያለፈ አየው። ሴትየዋ ያን ክምር አይታ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ግን ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት። ፍርሃቷ ሄዶ እፍረቷ ቀርቶ ነበርና። እፍረት ያለበት ሰው ይተኛል ልጄ። ፍርሃት ያለበት ነው የማይተኛው።

 ጋሽ ሽብሩ ወደ ጠያቂያቸው ዞሩ።

«ክሩን የጠመጠምኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን በምድር ቤቱ በር ሳልፍ "ዕረፍት ሰጡን" ስትለኝ ጎንበስ ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ሦስታችንም አንድ ቤት ውስጥ ነበርን፤ ሁለታችን እናውቃለን፣ ከሥሩ የምትተኛዋ ግን አታውቅም። ከነገሩ በኋላ የእናቷን ቤት አፈላልጌ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ይቅር ማለቷን እስከ ዛሬ አላውቅም። መሄዴን ነው የማውቀው።»

ጠያቂያቸው አቀርቅራ ታዳምጣለች።

«አንቺም ንስሐ ገብተሻል፤ መልካም። ካህኑ ሰምተውሻል፣ እግዚአብሔርም ሰምቶሻል፤ እኔ በዚያ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የሠራሽው ነገር ያለፈ ነው? ወይስ ገና ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል?»

 «ሊወድቅ ይችላል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንግዲህ አፍሽ እንደዚያ እጀታ በባዶው ዞሯል እንጂ ውኃው አልቆመም። ፍርሃትሽ ያልለቀቀሽ እግዚአብሔር ስላልሰማሽ አይደለም። ላይ ቤት ሲንዠቀዠቅ ስለሚሰማሽ ነው። ለእሱ ነገርኩት ትያለሽ፤ እሱማ ከገንዳሽ ሥር አይተኛም። የሚነገረው ከሥር ለሚተኛው ነው፤ ግማሹን ብትነግሪው ደግሞ ከአልጋው አይነሣም።»

ከዘራቸውን ተመርኩዘው ለመነሣት ሞከሩ፤ ደገፈቻቸው። ቆመው ጥቂት አሰቡና ጠየቋት።

«ያ ሰው ስልክ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው ቤትሽ እስክትደርሺ አትጠብቂ» አሉ።